በድሬዳዋና በሐረር መካከል በሚቆራረጥ የአማተር ሬዲዮ መስመር ላይ የስም ሰርቨር እንዴት ይቀመጥ?

የከዚራው (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ዝርዝሩን ሳላስቀምጥ ብጠይቅ ግን መልሱም ግምት ብቻ እንደሚሆን ስለማውቅ፣ ያየሁትን በሙሉ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ፈቃድ ያለን ጥቂት የሬዲዮ አማተሮች ሆነን በድሬዳዋና በሐረር መካከል በ2 ሜትር ባንድ አነስተኛ የፓኬት (መረጃን በትንንሽ ጥቅል ከፋፍሎ የሚልክ) ኔትወርክ ዘርግተናል። አንዱ ጣቢያ ከዚራ እኔ ቤት፣ ሌላው ሐረር ጁጎል ውስጥ ነው፤ ሁለቱ ተራራው ስለሚጋርዳቸው በቀጥታ አይሰማሙም፤ ስለዚህ ደንገጎ ላይ የሰማውን መልሶ የሚያሰማ የቅብብሎሽ ጣቢያ አቁመናል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 1200 ቢት ነው። የደንገጎው ጣቢያ ከቅብብሎሹ ሌላ የዝናብ መለኪያ ተገጥሞለታል፤ የለካውንም በየሰዓቱ ከዚራ ላለው የመልእክት ኮምፒውተር ይልካል። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንዳሳሰበን ይገባዋል። የከተማው ወንዝ ደቻቱ የሚሞላው ከተማው ላይ ሲዘንብ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብም ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ እዚህ ከተማ ገና አልተረሳም።

የኮምፒውተሮችን ስም ወደ አይፒ ቁጥር (የኔትወርክ አድራሻ) የሚለውጠው የስም ሰርቨር፣ ከዚራ ባለው አንድ ራስበሪ ፓይ በሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ባይንድ የተባለ ፕሮግራም ነው። በመረቡ ውስጥ ያሉ ሠላሳ የሚሆኑ ስሞች ሁሉ እዚያ ተመዝግበዋል፤ የሐረሩም የደንገጎውም ኮምፒውተር ስም በፈለገ ቁጥር በሬዲዮ ወደ ከዚራ ይጠይቃል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሐረር ላይ አንድ ገጽ ለመክፈት አንዳንዴ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል፤ አንዳንዴም «ሰርቨሩ አልተገኘም» ብሎ ይቀራል፤ በአይፒ ቁጥሩ ሲጠየቅ ግን ያው ገጽ ቀስ ብሎም ቢሆን ይመጣል። ከዚህ የባሰው የዝናብ መለኪያው ነው፤ ስሙን ማግኘት ሲያቅተው የዚያን ሰዓት ልኬት ሳይልክ ያልፈዋል።

ባለፈው እሑድ ሐረር ሄጄ ከሬዲዮው አጠገብ ተቀምጬ ተመለከትሁ። አንድ ስም አንድ ጊዜ ብቻ ጻፍሁ፤ የማስተላለፊያዋ ቀይ መብራት ግን አራት ጊዜ በራች፤ ሁለቴ ወዲያው፣ ሁለቴ ደግሞ ከአምስት ሴኮንድ በኋላ። ቤት ተመልሼ የሰርቨሩን ሎግ (የሥራ መዝገብ) ሳየው ከአራቱ ጥያቄዎች የደረሱት ሦስት ናቸው፤ ለሦስቱም መልስ ተልኳል፤ እኔ ሐረር የተቀበልሁት ግን አንድ ብቻ ነበር። ሰርቨሩን ጠንከር ባለ ኮምፒውተር ብለውጠው ይሻል ይሆን? ወይስ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው?


ነባር ሬዲዮኛ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ልጄ፣ ኮምፒውተሩን አትለውጠው፤ እሱ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ ያለው በጊዜው ስሌት ላይ ነውና አብረን እናስላው።

1200 ቢት ማለት በሴኮንድ 150 ባይት ነው። አንድ የስም ጥያቄ፣ የኤኤክስ 25 (የፓኬት ሬዲዮ ደንብ) አድራሻዎች፣ የአይፒና የዩዲፒ ራስጌዎች ተጨምረውበት፣ ወደ 95 ባይት ይደርሳል፤ ይህ ከ0.6 ሴኮንድ በላይ ነው። ሬዲዮው ተከፍቶ እስኪረጋጋ የምንሰጠውን 0.3 ሴኮንድ ስትጨምርበት አንድ ሴኮንድ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ደንገጎ ያንኑ በዚያው ፍሪኩዌንሲ መልሶ ስለሚያሰማው እጥፍ ይሆናል። መልሱ 150 ባይት ቢሆን፣ በሁለቱ ዝላይ (ከጣቢያ ወደ ጣቢያ በሚያደርገው ጉዞ) 2.6 ሴኮንድ ይፈልጋል። እንግዲህ ማንም ሌላ ሰው ባይናገርና አንድም ፓኬት ባይጠፋ እንኳ አንድ ጥያቄ ከነመልሱ ወደ 4.5 ሴኮንድ ይወስዳል። ጥያቄው ደግሞ አንድ አይደለም፤ ኮምፒውተርህ ለአንድ ስም የአይፒ 4ን አድራሻ አንድ ጊዜ፣ የአይፒ 6ን አድራሻ ሌላ ጊዜ ይጠይቃል። ሁለቱ ተከታትለው ሲሄዱ ዘጠኝ ሴኮንድ ገደማ ይሆናሉ። ሊኑክስ ላይ ያለው ስም ጠያቂ ግን ካልነገርኸው በቀር የሚታገሠው አምስት ሴኮንድ ብቻ ነው፤ አምስቱ ሲሞላ «አልሰሙኝም» ብሎ ደግሞ ይጠይቃል። መብራቷ አራት ጊዜ የበራችበት ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ የቦታውን ነገር ጨምርበት። ከዚራና ሐረር አይሰማሙም፤ ሁለቱንም የሚሰማ ደንገጎ ብቻ ነው። ከዚራ መልሱን ማውጣት ሲጀምር ሐረር አየሩ ባዶ መስሎት ጥያቄውን ይደግማል፤ ሁለቱ ደንገጎ ላይ ይጋጩና ሁለቱም ይጠፋሉ። የስልክ ሠራተኞች በነበርንበት ዘመን አንድ መስመር ላይ ሁለት ሰው በአንድነት ሲናገር የሚሆነውን እናውቅ ነበር፤ ይህም ያው ነው፤ ልዩነቱ እነዚህ ሁለቱ አለመሰማማታቸውን እንኳ አለማወቃቸው ነው። ስለዚህ መስመሩ ሲዳከም ድግግሞሹ ይበዛል፣ ድግግሞሹ ሲበዛ መስመሩ የባሰ ይዳከማል።

የመጥፋቱንም ነገር ልብ በል። አንድ ዝላይ ከአሥር ፓኬት ስምንቱን ያደርሳል እንበል፤ ይህ በሬዲዮ ዓይን መጥፎ የሚባል አይደለም። ጥያቄና መልሱ ግን በአንድነት አራት ዝላይ አላቸው፤ ስምንት ዐሥረኛን አራት ጊዜ ስታባዛው ከመቶ 41 ብቻ ይቀርሃል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥያቄህ ያለ መልስ ይቀራል ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ጠንካራ ኮምፒውተር አያድነውም።

የስም አጠራሩን ሥርዓት ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲነድፈው፣ ስሙን የሚጠይቅ ሁሉ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ እንዲጠይቅ አላደረገውም፤ የዞኑ፣ ማለትም የስሞቹ መዝገብ፣ ሙሉ ቅጂ በብዙ ቦታ እንዲቀመጥ የሚያስችለው አሠራር ከመጀመሪያው አንሥቶ በውስጡ አለ። አንተ የጎደለህ እሱ ነው። ሐረር ላይም ደንገጎ ላይም የከዚራን ዞን ሙሉ ቅጂ የያዘ ተከታይ ሰርቨር አስቀምጥ፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚጠይቀው አጠገቡ ያለውን ይሁን። በሬዲዮ የሚሄደው ተከታዩ ሰርቨር አልፎ አልፎ «የዞኑ ተራ ቁጥር ተለውጧል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ይሆናል። በየስድስት ሰዓቱ ቢጠይቅ በቀን አራት ጊዜ ነው። ቁጥሩ ካልተለወጠ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ከተለወጠም ሠላሳ ስም ያለው ዞን ሁለት ኪሎባይት ገደማ ስለሆነ፣ ቢዘገይ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል።

ቅጂ ማስቀመጥ ለማይቻልበት ጣቢያ ብቻ፣ የስም ጠያቂውን የመጠበቂያ ጊዜ ወደ 30 ሴኮንድ አሳድገው፤ ከዚያ በላይ አይቀበልህም። ጂሊብሲ (የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ) 2.36 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ካለህ ደግሞ የአይፒ 6ን ጥያቄ ጨርሶ የሚያስቀር አማራጭ አለውና ተጠቀምበት፤ በአንድ መስመር ጽሑፍ የጥያቄህ ግማሽ ይቀንሳል።


ሸዋ በር (ሐረር)

የጋሼ ስሌት ትክክል ነው፤ እኔም እዚህ ሐረር በሁለት ቤቶች መካከል ተመሳሳይ ነገር ስሠራ ተከታይ ሰርቨር በማስቀመጥ ነው የተገላገልሁት። ነገር ግን ተከታዩን ሰርቨር ብቻ አስቀምጠው እንዳይተዉት አንድ የደረሰብኝን ልንገርዎት።

የዞኑ መግለጫ ላይ አራት የጊዜ ቁጥሮች አሉ። ከእነርሱ መካከል ኤክስፓየር የሚባለው፣ ተከታዩ ሰርቨር ዋናውን ማግኘት ካቃተው ቅጂውን ለስንት ጊዜ እያመነ እንደሚቆይ የሚወስን ነው። እኔ ከአንድ የማሳያ ፋይል ላይ ስገለብጥ ይህ ቁጥር 86400፣ ማለትም አንድ ቀን ሆኖ ነበርና ሳላየው አለፍሁት። በሐምሌ ወር የመካከለኛው ጣቢያ ባትሪ ሁለት ቀን ሙሉ በደመና ምክንያት ሳይሞላ ቀረ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት እኔ ቤት ያለው ሰርቨር፣ በውስጡ ያሉት አድራሻዎች አንድም ሳይቀሩ ትክክል ሆነው ሳለ፣ ዞኑን አላውቀውም ብሎ ለማንኛውም ጥያቄ ስሕተት ይመልስ ጀመር። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች፣ በመካከላቸው አንድ ሜትር ገመድ እያለ፣ በስም መገናኘት አቃታቸው። ያን ዕለት ስሕተቱን እስካገኘው ድረስ አንቴናውንም ገመዱንም ፈታትቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አርኤፍሲ 1912 የተባለው የኢንተርኔት መመሪያ ሰነድ ለዚህ ቁጥር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይመክራል፤ እንደ እርስዎ ላለ መስመር አራቱን ሳምንት፣ ማለትም 2419200 ሴኮንድ ይውሰዱ። የእኛ አድራሻዎች በወር አንድ ጊዜም አይለወጡም፤ ስለዚህ የቆየ ቅጂ ማመን ምንም አያስፈራም።

ሁለተኛው ነገር ቅጂው በዲስክ ላይ እንዲጻፍ ማዘዝዎን ያረጋግጡ። የፋይል ስም ካልሰጡት ባይንድ የተከታዩን ዞን የሚይዘው በማስታወሻው ውስጥ ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰርቨሩ ባዶውን ይነሣና መስመሩ እስኪከፈት ይጠብቃል። መብራቱም መስመሩም በአንድ ማዕበል የሚጠፉበት አገር ላይ ይህ አያዋጣም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ከሬዲዮ መረቡ ጋር ብቻ የተገናኘ ላፕቶፕ ወይም ስልክ፣ ባለቤቱ ምንም ሳይነካው የዝማኔና የማስታወቂያ ሰርቨሮችን ስም ሲጠይቅ ይውላል። እነዚህን ጥያቄዎች የሐረሩ ሰርቨር ወደ ከዚራ ካስተላለፋቸው መስመሩን ይሞሉታል፤ በአማተር ፍሪኩዌንሲ የንግድ ነገር ማለፉም ራሱ ተገቢ አይደለም። ዝም ብሎ መጣልም አይበጅም፤ መልስ ያላገኘ ጠያቂ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ «የለም» የተባለ ግን አርፎ ይቀመጣል። እኔ ያደረግሁት የሐረሩ ሰርቨር ለሥሩ ዞን (የስሞች ሁሉ መነሻ ለሆነው) ራሱ ባለቤት የሆነ አስመስዬ ባዶ የሥር ዞን ሰጠሁት፤ ከእኛ ስሞች ውጭ የሆነውን ሁሉ እዚያው በሚሊሴኮንድ ውስጥ «የለም» ብሎ ይመልሳል።

የዞንዎን ስምም ይንገሩን፤ መጨረሻው ዶት ሎካል ከሆነ ይለውጡት። እሱ ለመልቲካስት ዲኤንኤስ (ያለ ሰርቨር በአካባቢው ያሉትን ሁሉ ለሚጠይቅ አሠራር) የተመደበ ስለሆነ፣ ብዙ ስልኮች እርስዎ ያስቀመጡትን ሰርቨር ሳይጠይቁ ራሳቸው አየሩ ላይ ይጮሃሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ለቤት ውስጥ መረብ የተመደበው ሆም ዶት አርፓ ይሻልዎታል።


ሐረር መንገድ (ድሬዳዋ)

ይህ ሁሉ ሰርቨር ለሠላሳ ስም መብዛቱ አይታያችሁም? እ.ኤ.አ. ከ1983 በፊት የያኔው ኔትወርክ በሙሉ በአንድ የስም ፋይል ነበር የሚኖረው፤ ፋይሉ ካሊፎርኒያ በሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም ይያዝ ነበር፣ ሌላው ከዚያ ይገለብጥ ነበር። ያን አሠራር የጣለው የስሞቹ ብዛት ነው፤ የእናንተ ደግሞ አልበዛም። ሠላሳውን ስም በሆስትስ ፋይል (ኮምፒውተሩ ራሱ በሚያነበው የስምና የአድራሻ ዝርዝር) ላይ ጽፋችሁ ለሦስቱም ኮምፒውተር አድሉ። ሲለወጥ በፍላሽ ይዛችሁ ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር አይሞላ ይሆናል፣ ደንገጎም መንገድ ላይ ናት። በፍላሽ የሄደ ፋይል በአየር ላይ አይጠፋም።


ነባር ሬዲዮኛ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ሐሳቡን አልንቀውም፤ እኔም የመጀመሪያውን ቅጂ ሐረር የምወስደው በፍላሽ ነው፤ ሁለት ኪሎባይት ለማድረስ ሬዲዮውን ማድከም አያስፈልግም። ሆስትስ ፋይል ላይ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ይኸውም የትኛው ቅጂ አዲስ እንደሆነ የሚናገር ተራ ቁጥር የለውም። ሦስት ቦታ የተቀመጠ ፋይል፣ አንዱ ሰው ሐረር ላይ አንድ መስመር ሲያርም፣ ሌላው ከዚራ ላይ ሌላ ሲያርም፣ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት የተለያየ ፋይል ይሆናል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ተከታይ ሰርቨር ቁጥሩን ራሱ ያመሳክራል፤ የሚታረመው ደግሞ ከዚራ ላይ ብቻ ነው። በተጨማሪም በሆስትስ ፋይል የሚሠራው ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ለእንግዳ ስልክ ማን ፋይል ይጽፍለታል?


የከዚራው (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ስሌቱን ወረቀት ላይ ጽፌ ከሬዲዮው በላይ ለጥፌዋለሁ። እሕታችን እንደገመቱትም ዞናችን መጨረሻው ዶት ሎካል ነበር፤ ወደ ሆም ዶት አርፓ ቀይሬዋለሁ።

ሐረርና ደንገጎ ላይ ተከታይ ሰርቨር አቁሜያለሁ፤ ኤክስፓየሩን አራት ሳምንት፣ ሪፍሬሹን (ለውጥ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅበትን) ስድስት ሰዓት፣ ሪትራዩን (መልስ ሲያጣ ደግሞ የሚሞክርበትን) አንድ ሰዓት አድርጌዋለሁ፤ ዞኑም በዲስክ ላይ ይጻፋል። ለአራት ቀን ያለ እንከን ሄደ። በአምስተኛው ቀን ደንገጎ ላይ ባትሪው ሌሊት አልቆ ጠዋት በፀሐይ ሲነሣ፣ በዚያው ዕለት የጨመርኋቸውን ሁለት ስሞች መውሰድ አቃተው። መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ጥያቄው ከዚራ ይደርሳል፤ ከዚራ ግን አልቀበልህም ብሎ ይመልሰዋል። ማንም መጥቶ የሐሰት ዞን እንዳይሰጠን ብዬ ዝውውሩ በጋራ ቁልፍ እንዲፈረም በቲሲግ አድርጌው ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ አልተለወጠም። ሌላው ያሳሰበኝ ይህ ፊርማ ራሱ በአማተር ሬዲዮ ይፈቀዳል ወይ የሚለው ነው።


ሸዋ በር (ሐረር)

ከፊርማው ልጀምር። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ በአንቀጽ 25 የሚከለክለው በተለያዩ አገሮች አማተሮች መካከል የሚተላለፍ መልእክት ትርጉሙን ለመሰወር እንዳይቀየር ነው። ቲሲግ ግን ምንም አይሰውርም፤ ዞኑ እንዳለ በግልጽ ይሄዳል፣ ከኋላው ማን እንደላከው የሚያረጋግጥ ፊርማ ብቻ ይከተለዋል። የሚመሰጠረውን የስም ጥያቄ፣ በቲኤልኤስ ወይም በኤችቲቲፒኤስ የሚሄደውን፣ በዚህ መስመር ላይ አይሞክሩት። የስም መልሶችን የሚፈርመው ዲኤንኤስሴክም የሚያረጋግጥ እንጂ የሚሰውር አይደለም፤ ነገር ግን መልሱን ብዙ ጊዜ ከ512 ባይት በላይ ያሳብጠዋል፤ 512 ባይት ብቻውን በእርስዎ መስመር በአንድ ዝላይ ከ3.4 ሴኮንድ በላይ ስለሆነ አልመክረውም።

የቆመብዎት ደግሞ ሰዓቱ ይመስለኛል። ቲሲግ በፊርማው ውስጥ ጊዜ ይጽፋል፤ የሁለቱ ሰዓት ከ300 ሴኮንድ በላይ ከተለያየ ፊርማው አይጸናም። ራስበሪ ፓይ፣ አምስተኛውን ትተን፣ መብራት ሲጠፋ የሚቆጥር ሰዓት በውስጡ የለውም፤ ሲነሣ መጨረሻ ከቆመበት ሰዓት ይቀጥላል። ባትሪው ስድስት ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ደንገጎ ከዚራን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ሆኖ ነው የሚያናግረው። ኢንተርኔት የሌለው ቦታ ላይ ሰዓቱን የሚያርምለትም የለም። በሳንቲም ባትሪ የሚሠራ፣ ዲኤስ 3231 የሚባል ትንሽ የሰዓት ሞጁል ይግጠሙለት፤ ወይም የጂፒኤስ ተቀባይ ያድርጉለት፤ ደንገጎ ላይ ሰማዩ ክፍት ስለሆነ ጂፒኤሱ ሳይቸገር ይይዛል።


የከዚራው (ድሬዳዋ)

የተባለው ልክ ነው። ዛሬ ደንገጎ ወጥቼ የኮምፒውተሩን ሰዓት ሳየው ከእጄ ሰዓት በሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ ነበር። በእጄ ካስተካከልሁት በኋላ ሁለቱ ስሞች አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከከዚራ ደረሱ። የሰዓት ሞጁሉ እስኪገኝ ድረስ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሰዓቱን ከከዚራ በሬዲዮ እንዲጠይቅ አድርጌዋለሁ፤ በሁለት ዝላይ የሚመጣ ሰዓት ጥቂት ሴኮንድ ቢያዛባም ከ300 ሴኮንድ አያልፍምና ለቲሲግ ይበቃል።

ከወረድሁ በኋላ ሐረር ላሉት ወዳጄ ደውዬ ያንኑ የእሑዱን ስም እንዲጽፉልኝ ጠየቅሁ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ቀይዋ መብራት በርታለች ወይ?» አልሁ፤ «አልበራችም» አሉ። የዝናብ መለኪያውም ከጠዋቱ አንሥቶ አንድም ሰዓት አልዘለለም። አሁን የቀረው የደንገጎው ባትሪ ነው፤ በደመና ሁለት ሌሊት እንዲያሳልፍ ምን ያህል አምፔር ሰዓት ያስፈልገኛል የሚለውን በሌላ ጥያቄ አቀርባለሁ።